በሳምንት ሁሉን ማዳረስ

ዘማች፦ ጤና ጣቢያ የታመመውን ይጠብቃል፤ የዘመቻ ጣቢያ ጤነኛውንም ጭምር ይጠራል። በወረርሽኝ ጊዜ ክትባትና መድኃኒት በጅምላ የማደል ሥራ ከሌላው ሕክምና የሚለየው በዚህ ነው። በአማራ ክልል በስፋቱ የሚጠቀሰው «ማልትራ» የተባለው የወባና የዓይን በሽታው የትራኮማ ሳምንት ነው። የክልሉ ጤና ቢሮ ከካርተር ማዕከልና ከላይንስ ክለብ ጋር ሆኖ በኅዳር 2001 ዓ.ም. ጀመረው። በዓመት ሁለት ጊዜ ይካሄድ ነበር፤ በየጊዜው የክልሉ ግማሽ ያህል ሕዝብ በአንድ ሳምንት ውስጥ አዚትሮማይሲን የተባለውን የትራኮማ መድኃኒት እንዲወስድ ይጠራ ነበር፣ ትኩሳት ያለበትም እዚያው የወባ ምርመራ ይደረግለት ነበር። ከወረታ እስከ አዲስ ዘመን ያለው የደቡብ ጎንደር ሕዝብም ይህን ሰልፍ ያውቀዋል።

ተጠራጣሪ፦ ስፋቱን ማንም አይክድም። ግን ያልታመመ ሰው ለምን መድኃኒት ይውጣል? ሕክምና ከምርመራ ይጀምራል ሲባል ነው የኖረው።

ዘማች፦ በትራኮማ ጊዜ የሚመረመረው አካባቢው ነው። ተሕዋሲው በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ ይሄዳል፤ ብዙዎች ምንም ሳይሰማቸው ይዘውት ይኖራሉ። አንዱ ልጅ ታክሞ ታናሹ ከቀረ በሽታው ወደታከመው ይመለሳል። ስለዚህ ወረዳው በጥናት ከተለየ በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ፣ ጎጡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወስዳል። ፋይዘር በእርዳታ የሚሰጠው አዚትሮማይሲን ለዚህ የተመቸው በአንድ ቀን በአፍ ተወስዶ ስለሚያልቅ ነው። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን የሚሰጠው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ግን ጠዋትና ማታ ለስድስት ሳምንት መቀባት አለበት። በአጨዳ ወቅት አንዲት እናት ይህን ሳታጓድል ትፈጽማለች ብሎ መዝገብ ላይ መጻፍ ቀላል ነው፤ መፈጸሙ ሌላ ነገር ነው።

ተጠራጣሪ፦ መጠኑስ በምን ይለካል? ሚዛን ተሸክሞ በየጎጡ የሚዞር የለም።

ዘማች፦ በቁመት ነው። ልጁ መስመር ከተሰመረበት በትር አጠገብ ይቆማል፤ አናቱ የደረሰበት መስመር የሚወስደውን ልክ ይናገራል። ለትናንሽ ልጆች ሽሮፕ፣ ለአዋቂ ባለ 250 ሚሊግራሙ ኪኒን አራት። ማንበብ የሚችል የሠፈር ሰው አጭር ሥልጠና ወስዶ ይሠራዋል። ዘመቻው ከሐኪም ቁጥር ጋር ያልታሰረው በዚህ የተነሣ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ቀላልነቱ ራሱ ያሰጋል። የሚያለቅስን ሕፃን አፍንጫውን ይዞ ማስዋጥ የቆየ ልማድ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። በዚሁ አገር በትል መድኃኒት ዘመቻ ኪኒን አንቋቸው የሞቱ ሕፃናት አሉ። ሐኪም ከሌለበት ሰልፍ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ማን ይደርስለታል?

ዘማች፦ ለዚህ የተቀመጠው ደንብ ግልጽ ነው፤ የሚያለቅስ ልጅ አይገደድም፣ እንደ ትል መድኃኒት ያለው ኪኒን ለሕፃን ተፈጭቶ በውኃ ይሰጣል፣ እምቢ ያለው ሌላ ጊዜ ይመለሳል። ደንቡን የሚያፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ የማታው ሪፖርት ነው። «ዛሬ ስንት አስዋጣችሁ?» ተብሎ ብቻ የሚጠየቅ ቡድን ልጅ ማስገደዱ አይቀርም። ስለዚህ አስተባባሪው እምቢ ያሉትንና የተመለሱትንም መጠየቅ አለበት፤ ቁጥሩ ዝቅ ያለበትን ቡድንም መቅጣት የለበትም።

ተጠራጣሪ፦ ይህ የሚሆነው በሽታው በትክክል ሲታወቅ ነው። ባይታወቅስ? በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ወረዳ የሆነው ሊረሳ አይገባም። ሰው ትኩሳት ይዞት ይከሳል፣ ጣፊያው አብጦ ሆዱ ይነፋል፣ ይሞታል። ወባ ነው ተባለ። የወባ መድኃኒት አልሠራ ሲል ደግሞ መድኃኒቱን የለመደ ወባ ነው ተባለ። ካላዛር የተባለ ሌላ በሽታ መሆኑ የታወቀው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ የወባ መድኃኒት በጅምላ ቢታደል ኖሮ ሰልፉ ያምር ነበር፣ መዝገቡ ይሞላ ነበር፣ በሽተኛውም መሞቱን ይቀጥል ነበር።

ዘማች፦ ትክክል ነው። የሚዋጥ ነገር ከመታደሉ በፊት ደም የሚመረምር ሰው መድረስ አለበት። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ የከፈቱት የካላዛር ሕክምና ማዕከል መዝገብ ብዙ ይናገራል፤ ከግንቦት 1997 እስከ ታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ከታከሙት ከመቶ 78 ያህሉ ወንዶች ነበሩ፣ ግማሾቹ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት አይበልጥም፣ ከታከሙት የሞቱት ከመቶ 3.6 ናቸው። ካላዛር ካልታከመ ይገድላልና ይህ ቁጥር ትልቅ ውጤት ነው። ወረርሽኙ በ1998 ዓ.ም. ጣሪያ ነክቶ በኋላ ረገበ።

ተጠራጣሪ፦ ያንን ውጤት ያመጣው ዘመቻ አልነበረም። ካላዛር ክትባት የለውም፤ ሕክምናው ያኔ 30 ቀን የሚወጋ መርፌ ነበር። ሕይወት ያዳነው በሽተኛውን ተቀብሎ ወር ሙሉ የሚያስተኛ ማዕከል ነው። ታዲያ ገንዘቡና ሰው ኃይሉ ለምን እዚያ ላይ አይውልም?

ዘማች፦ ለካላዛር እዚያ ላይ ይዋል። ኩፍኝ ግን ወር አይሰጥም። ሽፍታው ሳይወጣ ይተላለፋል፤ አንድ ልጅ ታሞ ጤና ኬላ እስኪመጣ አብረውት የሚማሩት ተይዘዋል። ለሁሉም በሽታ አንድ ዓይነት ድንኳን ይበቃል ያለ የለም።

ተጠራጣሪ፦ ፈንጣጣስ? ኢትዮጵያ ውስጥ የማጥፋቱ ሥራ በጥር 1963 ዓ.ም. ሲጀመር በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ በሽተኞች ተመዝግበዋል። አገሩ ሰፊ፣ መንገዱ ጥቂት፣ ሠራተኛው እፍኝ የማይሞላ። ሁሉንም ሰልፍ አስይዞ መክተብ እንደማይቻል ገና ከጅምሩ ታወቀ። በሽተኛውን ፈልጎ፣ በዙሪያው ያለውን ብቻ ከትቦ መክበብ ተመረጠ። በጎጃምና በጎንደር ክትባቱን የተቃወመ ብዙ ነበር፤ በባህላዊ መንገድ ፈንጣጣ የሚከትቡ ሰዎችም ነበሩ። ሆኖም በነሐሴ 1968 ዓ.ም. የመጨረሻው በሽተኛ ተገኝቶ አበቃ። ያለ ጅምላ ሰልፍ!

ዘማች፦ ፈንጣጣ ራሱን ያሳብቃል። የያዘው ሰው ፊቱ ላይ ይነበባል፤ ሥዕሉን ለገበያተኛ እያሳዩ «እንዲህ ያለ ሰው አያችሁ?» ማለት ይበቃል። ትራኮማ ያለበት ልጅ የዓይኑ ቆብ ተገልብጦ ካልታየ አይታወቅም። ኮሌራን የያዘ ብዙ ሰው ሳይታመም ተሕዋሲውን ወደ ወንዝ ይለቃል። መክበብ የሚቻለው የሚታየውን ነው።

ተጠራጣሪ፦ ይህ መልስ ያስኬዳል። እንግዲህ የማይታየውን በሰልፍ እናገኘዋለን ከተባለ፣ ሰልፉ የት ይቁም? ፎገራ በክረምት ሜዳ ሳይሆን ሐይቅ ነው። ጉማራና ርብ ሞልተው ሲወጡ፣ ጣናም ወደ ላይ ሲመለስ ናበጋና ዋገጠራ ያሉ ቀበሌዎች ከወረታ ይቆረጣሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ የመጣው ጎርፍ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ምን እንዳደረገ የሚያስታውስ ሁሉ፣ ኮሌራ የሚነሣው መኪና በማይገባበት ወር መሆኑን ያውቃል።

ዘማች፦ ስለዚህ የጣቢያ ቦታ የሚመረጠው በበጋ ነው። በጎርፍ ጊዜ የትኛው ትምህርት ቤት፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ከፍታ ላይ እንደሚቀር የቀበሌው ሰው ያውቃል፤ የሚጎድለው ይህ ዕውቀት ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ካርታ ላይ አለመስፈሩ ነው። ጀልባው የማን እንደሆነ፣ ነዳጁን ማን እንደሚከፍል ጭምር ከሰኔ በፊት ይጻፋል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት፤ በረዶ የተሞላ ሣጥን ይዞ ጀልባ ሲጠብቅ የዋለ ቡድን ማታ የተበላሸ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። የኩፍኝ ክትባት ደግሞ ከተበጠበጠ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ልጅ ነው። ሦስት ልጅ መጥቶ ብልቃጥ ይከፈት ወይስ ይመለሱ? እናትየው ውኃ ውስጥ ተራምዳ ከመጣች መከፈት አለበት። የሚደፋው ይደፋ።

ተጠራጣሪ፦ የበላይ ኃላፊ ብክነት ነው ይላል።

ዘማች፦ ይበል። የተመለሰች እናት ሁለተኛ አትመጣም።

ተጠራጣሪ፦ የጣቢያው አሠራርስ?

ዘማች፦ ጥላ፣ አንድ መግቢያ፣ አንድ መውጫ። መዝጋቢው፣ ለኪው፣ ሰጪው በየቦታቸው፤ ሰልፉ ወደኋላ እንዳይመለስ ገመድ ይወጠራል። ለክትባት ከሆነ ከተወጉ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ቁጭ የሚባልበት ቦታ ያስፈልጋል፤ ድንገተኛ አለርጂ ቢነሣ አድሬናሊን እዚያው መኖር አለበት። ያገለገለ መርፌ ክዳኑ ሳይመለስበት ወደ ማስወገጃው ሣጥን። የተከተበ ልጅ ጣቱ ላይ ቀለም ይደረግበታል። ይህ ሁሉ በየመመሪያው አለ፤ የሚያስቸግረው ቀኑን መምረጥ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ቀን ምን አስቸጋሪ ነገር አለው?

ዘማች፦ የኅዳሩን ዘመቻ እንመልከት። ኅዳር ላይ ፎገራ ሩዝ ያጭዳል፤ ወጣቱም ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ሁመራ ከሄደ ሰንብቷል። ኅዳር 15 ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። ከአዲስ ዘመን በላይ ባለው ተራራ፣ በጣራ ገዳም ጫካ ውስጥ ላሉት መነኮሳት ጠዋት ላይ ኪኒን ይዞ መውጣት ትርፉ ድካም ነው፤ በሜዳው ላለው ጿሚም እንዲሁ። የታመመ ሰው መድኃኒት ቢወስድ ካህኑ አይከለክለውም። ዘመቻው የሚለምነው ግን ጤነኛውን ስለሆነ «አሞኛል» ብሎ ጾሙን የሚያቋርጥበት ምክንያት የለውም። በዚያ ላይ አዚትሮማይሲን በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል፤ አንዱ ሲያስመልሰው ወሬው ጎጡን ያዳርሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በጾም ጊዜ ጣቢያው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይከፈት፣ ወይም ዘመቻው ጾሙ ሳይገባ ይለቅ። እርሻ የማይነካበት የሚካኤልና የማርያም ቀን ደግሞ ሕዝቡን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሰብስቦ ይሰጣል፤ ለሰው ምቹ የሆነው ቀን ለሠራተኛው የበዓል ቀን መሆኑ ግን አበል ያስጠይቃል።

ተጠራጣሪ፦ ካህኑ ራሱ ቀድሞ ቢወስድስ?

ዘማች፦ ከቅስቀሳው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ዋናውን መንገድ ይዞ ያልፋል፤ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት የተነገረ ቃል እስከ መጨረሻው ጎጥ ይደርሳል።

ተጠራጣሪ፦ እሺ፣ ሰልፉ ተሳካ እንበል። ሲዘጋ «ከመቶ 95 ተዳርሷል» የሚል ሪፖርት ይወጣል። የመቶው ልክ ከየት መጣ? አገሪቱ ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ቀጣዩ ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በግምት በተሰላ ሕዝብ ላይ ተመሥርቶ ከመቶ 100 በላይ የሚያስመዘግብ ወረዳ ሲገኝ ማንም አይደነግጥም። ሰሊጥ አጨዳ የሄደው ወጣት በቀበሌው መዝገብ አለ፣ በአካል የለም፤ ለሩዝ አጨዳ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ በአካል አለ፣ በመዝገብ የለም። ካላዛርን ወደዚህ ደጋ ያመጡትም ከቆላ ተመላሽ የጉልበት ሠራተኞች ናቸው ተብሎ ይታመናል። ይኸውም ወረርሽኝ የሚሸከመው ሰውና መዝገቡ የሚያውቀው ሰው ይለያያሉ ማለት ነው።

ዘማች፦ ከዚህ የከበደ ጥያቄ አልተነሣም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ኮሌራ በቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ሲነሣ የታየው ይኸው ነው። ከየአገሩ ለጸበል የመጣው ሰው የማንም ቀበሌ ነዋሪ ሆኖ አልተመዘገበም፤ ሲታመም ግን ወደየመንደሩ ይመለሳል። የኮሌራ ክትባትም በዓለም ገበያ አጥሮ ነበር፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ይሰጥ የነበረው ለወረርሽኝ ጊዜ አንድ ብቻ እንዲሆን በዓለም አቀፍ ደረጃ ተወስኗል። እንዲህ ባለ ጊዜ ጣቢያው የሚቆመው ሰው በሚሰበሰብበት ነው፤ ጸበል ቦታ፣ መናኸሪያ፣ የአጨዳ ካምፕ። የወረታ መናኸሪያ ለዚህ የተመቸ ነው፤ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ እዚያ ይገናኛል። ዘመቻው ካለቀ በኋላም ቤት ለቤት ናሙና ተወስዶ «ወስደሃል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። የእውነቱ መቶኛ ከዚያ ይገኛል።

ተጠራጣሪ፦ መሰብሰቡ ራሱ በሽታ ያዛምት የለም?

ዘማች፦ ያዛምታል፤ ካልተጠነቀቁ። በሰኔ መጨረሻ 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲስፋፋ ብዙ አገሮች የክትባት ዘመቻ አቋረጡ። ኢትዮጵያ ግን ከ14 ሚሊዮን በላይ ልጆችን የኩፍኝ ክትባት ከተበች። የዘመቻው ቀን ወደ አሥር ተራዘመ፣ ጣቢያው በዛ፣ ሰልፉ ተራራቀ፣ የእጅ ውኃ ቀረበ። ዘመቻው ቢቋረጥ ኖሮ ከኮቪድ የሚተርፈው በኩፍኝ ከሚሞተው ልጅ ይበልጥ ነበር የሚል አልተገኘም።

ተጠራጣሪ፦ በዚያ ዘመቻ የተሠራው ያስመሰግናል። ነገር ግን ወደ ደቡብ ጎንደር እንመለስ። ብዙ ዙር መድኃኒት ከተሰጠ፣ በውኃና በንጽሕና ትምህርትም ከተደገፈ በኋላ በተካሄደ የዞኑ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች ከአራቱ አንዱ ገደማ ትራኮማ ተገኝቶበታል። አንዳንዱ ጎጥ ነጻ ነው ለማለት ሲቀርብ በሌላው ከግማሽ በላይ ልጅ ታሟል። ይህን ያህል ሰልፍ ተሰልፎ፣ ይህን ያህል ኪኒን ተውጦ!

ዘማች፦ ዘመቻው ባይኖር ቁጥሩ የት ይደርስ ነበር የሚለው ይቀራል፤ መነሻው በዓለም ከከፉት አንዱ ነበር። ይሁን እንጂ ክርክሩ ልክ ነው። ኪኒኑ ያለውን ተሕዋሲ ይገድላል፤ ነገ የሚመጣውን አይከለክልም። ፊት የሚታጠብበት ውኃ ከግማሽ ቀን መንገድ በእንስራ የሚመጣ ከሆነ ልጁ ፊቱን የሚታጠበው በበዓል ነው። የትራኮማ መከላከያው ዘዴ አራት ክፍል አለው፤ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕና፣ የአካባቢ ንጽሕና። በሳምንት የሚያልቀው መድኃኒቱ ብቻ ስለሆነ ቶሎ የተሠራው እሱ ነው።

ተጠራጣሪ፦ የፊትና የአካባቢ ንጽሕናውን ሥራ የምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። በየጤና ኬላው ሁለት ናቸው፤ በዘመቻ ሳምንት ሁለቱም ሰልፍ ላይ ይውላሉ። የወሊድ ክትትሉ፣ መደበኛው ክትባት፣ የመጸዳጃ ቤት ቅስቀሳው ይቆማል። ከኩፍኝ ዘመቻ ወጥታ ወደ ትራኮማ፣ ከዚያ ወደ ኮቪድ፣ ከዚያ ወደ ወባ አጎበር። ዓመቱ በዘመቻ ሲያልቅ መደበኛው ሥራ የማን ነው?

ዘማች፦ ለዚህ ሙሉ መልስ የለም። ዘመቻዎችን ማጣመር ግማሽ መልስ ነው፤ ማልትራ ወባንና ትራኮማን በአንድ ሳምንት ያጣመረው ለዚያ ነው። የጣቢያውን ቀላል ሥራ ለሠፈር በጎ ፈቃደኛ ሰጥቶ እሷን ለክትትል መተው ሌላው ግማሽ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገብቷል። መንገድ ሲዘጋ የቅዝቃዜ ሣጥኑም፣ ሪፖርቱም፣ ሠራተኛዋም አይንቀሳቀሱም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ በሽተኛ ተመዝግቧል። በሳምንት ሁሉን ማዳረስ ሰላም ያለው አገር ዘዴ ነው።

ዘማች፦ አይደለም፤ ሰላም በሌለበት በዓመት አንድ ሳምንት መንገድ ማስከፈት በዓመት ሙሉ ከማስከፈት ይቀላል። ለልጆች ክትባት ሲባል ተኩስ ለቀናት የቆመባቸው አገሮች አሉ፤ ኤልሳልቫዶር በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያደረገችው ይህንን ነው።

ተጠራጣሪ፦ ያ ስምምነት ይጠይቃል። ይሁን። የትራኮማው ሰልፍ መቼ ያበቃል?

ዘማች፦ የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት አለ። በአንድ ወረዳ ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች ንቁ ትራኮማ የሚገኝባቸው ከመቶ ከ5 በታች ሲሆኑ መድኃኒቱ ይቆማል፤ ቢያንስ ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለተኛ ጥናት ይካሄዳል። በዚያም ከ5 በታች ከሆኑ ወረዳው ሰልፍ አይጠራም፤ ከበለጡ እንደገና ይጀምራል።